ሽማግሌ ፊት ምን ልበል?

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ደሴ ነው ያለሁት። ከወንድሜ ጋር በእናታችን ቤት ውርስ ተጣልተን እሁድ ሽማግሌ ፊት እንቀርባለን። ትናንት አያቴ አቦሉን እየቀዳች «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» አለችኝ። ይሄ ገብቶኛል፤ እውነት ይዘህም በክፉ አፍ ትሸነፋለህ ማለቷ ነው፣ እኔ ደግሞ ስናደድ መጮህ ይቀናኛል። በረካው ላይ ግን ሲኒዋን አስቀምጣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላ ዝም አለች። እና የትኛውን ልያዝ? ተዘጋጅቼ ልናገር ወይስ ወንድሜ ተናግሮ ይጨርስ ብዬ ልታገስ? ስጠይቃት «አንተው አላምጠው» ነው መልሷ። ወንድሜን ማጣት አልፈልግም፣ ቤቱ ይቅርብኝ እንዳልል ደግሞ ልጆች አሉኝ። ሽማግሌ ፊት ቀርባችሁ የምታውቁ፣ የመጀመሪያው ቃላችሁ ምን ነበር?