የሂዝክሊፍ ክፋት ፊልሙ ላይ የት ገባ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ሎረንስ ኦሊቪየ የሠራበትን የ1939ኙን (እ.ኤ.አ.) «ዋዘሪንግ ሃይትስ» አይቼ አልቅሻለሁ። ከዚያ የኤሚሊ ብሮንቴን መጽሐፍ ሳነብ ያለቀስኩለት ሂዝክሊፍ ሌላ ሰው ሆነብኝ። የሚወዳት የካትሪን ባል እህት የሆነችውን ኢዛቤላን ለበቀል ማግባቱ ፊልሙም ላይ አለ። መጽሐፉ ውስጥ ግን ይዟት በሚጠፋበት ሌሊት ውሻዋን በመሀረብ ሰቅሎ ይሄዳል። የካትሪንን ልጅ፣ አባቷ በሞት አፋፍ ላይ እያለ፣ ቤት ቆልፎባትና በጥፊ መትቶ ለበሽተኛ ልጁ በግድ ይድራታል። ሰውየው እንዲወደድ ተብሎ ግፉን መደበቅ ልክ ነው ትላላችሁ? እኔ እንደተታለልኩ ነው የተሰማኝ።

መልስ 1
እህቴ፣ የተቆረጠው የመጽሐፉ ግማሽ ነው። 34 ምዕራፍ አለው፤ ካትሪን የምትሞተው በ16ኛው ላይ ነው። ፊልሙ የሚተርከው ታሪክም ሞቷ ላይ ያበቃል። ቀሪው የልጆቻቸው ታሪክ ነው፤ እነሱ ከሌሉ የሂዝክሊፍ ግፍ የሚያርፍበት ሰው የለም፣ የቀረው ፍቅሩ ብቻ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ከሁሉም በላይ የሄርተን መቅረት ነው። የካትሪን ወንድም ሂንድሊ ሂዝክሊፍን በልጅነቱ ከትምህርት አስወጥቶ የቤት አሽከር አድርጎት ነበር። ሂንድሊ ሲሞት ሂዝክሊፍ ልጁን ሄርተንን ይወስድና ያንኑ ይደግምበታል፤ ማንበብ ሳያውቅ፣ በገዛ አባቱ ቤት እንደ ሎሌ ያሳድገዋል። ሕመሙን ቀምሶት ያውቀዋል፤ አውቆም ነው የሚያደርገው። ከዚህ የከፋ ክፋት እኔ አላነበብኩም። ሆኖም ሂዝክሊፍ ሲሞት ሬሳው አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ የሚያለቅሰው ማን ነው? ያው ሄርተን። ለሂዝክሊፍ አንጀቴ የተላወሰው እዚያ ገጽ ላይ ነው፣ የሠራውን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ። ፊልሙ ይህን ነው የነፈገን።

መልስ 2
የአንድሪያ አርኖልድን የ2011 (እ.ኤ.አ.) ፊልምም እዩት። እሷም ሁለተኛውን ግማሽ ትታዋለች፤ ነገር ግን ሰውየውን አላሳመረችውም። መጽሐፉ ሂዝክሊፍ ከሊቨርፑል መንገድ ላይ የተገኘ ጠይም ልጅ ነው ይላል፤ እሷ ጥቁር ተዋንያን ሰጠችው። ሲገረፍ፣ ሲሰደብ፣ ዝም ሲል እናያለን። አውሮፓ ያደግኩ ሐበሻ ነኝ፤ ያ ዝምታ ምን እንደሚያጠራቅም አውቃለሁ። አልወደድኩትም፣ ግን ገባኝ።

መልስ 3
ከኛም አንድ ልጨምር። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻን ማን ይወዳል? ለልጃቸው ለሰብለ የመጣውን ባል ሁሉ በዘር እየናቁ የሚመልሱ፣ ባላገሩን የሚያስጨንቁ ሰው ናቸው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርካቸው ግን ያ ትዕቢት ሳይለዝብ ሰው ሆነው ይሰማሉ። በቁጣቸው ትስቃለህ፣ ወዲያው ደግሞ ለገበሬው ትቆጣለህ። ተራኪው ጥፋታቸውን አልሸፈነላቸውም፤ እስትንፋስ ነው የሰጣቸው። ከመጽሐፍ ወደ ሌላ መድረክ የሚወስድ ሰው ይህን ቢማር ደስ ይለኛል።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ፣ በተለይ ስለ ሄርተን። ልጆቹን ያልተወ ፊልም አለ ወይ?

መልስ 1
አለ፣ የ1992ቱ (እ.ኤ.አ.)፣ ሬፍ ፋይንስ የሠራበት። ጁልየት ቢኖሽ እናትም ልጅም ሆና ትጫወታለች። የልጆቹ ክፍል በጥድፊያ ያልፋል፤ ቢሆንም ሂዝክሊፍ በልጅቷ ፊት ላይ እጁን ሲያነሳ ታያለሽ፤ የእናቲቱን መልክ ነው የሚመታው። መጀመሪያ እሱን እዪው።