ለልጄ ደርት ባይክ ተገዛለት፤ ቨርጂኒያ ውስጥ የት ነው የሚነዳው?

የናቲ እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ ናቲ 14 ዓመቱ ነው። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ የሚኖረው አጎቱ ለልደቱ አዲስ ሆንዳ ሲአርኤፍ 125ኤፍ ደርት ባይክ (ከአስፋልት ውጭ የሚነዳ ሞተር ሳይክል) ገዝቶ ላከለት። ባለፈው ክረምት እነሱ ጋ ሄዶ ራምፓርት ሬንጅ የሚባለው ቦታ ላይ ከአጎቱ ልጆች ጋር ሲነዳ ነው ፍቅሩ የያዘው። አጎቱ "የስቴቱን ስቲከር ገዝተሽ ለጥፊበት፣ በቃ ይነዳል" ይለኛል። እኛ ግን ታውን ሀውስ ነው የምንኖረው፣ ጓሮ እንኳን የለንም። ጓደኞቹ ደግሞ በወንዙ ዳር ባለው የብስክሌት መንገድ እንሂድ፣ ዲሲ እንግባ እያሉ ልቡን ያነሳሱታል። ፖሊሱንም አደጋውንም እፈራለሁ። ታርጋ ማውጣት ይቻላል? ካልሆነስ የት ልውሰደው? ልጄን ተስፋ ማስቆረጥ አልፈልግም።

ጋራዥ ማናሳስ

እህቴ፣ እንኳን ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ጠየቅሽ። ሥራዬ ሞተር ጥገና ነው፣ ከልጄም ጋር እነዳለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

አጎቱ ያለው ለኮሎራዶ ትክክል ነው። እዚያ የስቴቱ የፓርክና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ስቲከሩን ይሸጣል፣ ገንዘቡም ለመንጃ መስመሮቹ ጥገና ይውላል። ሰፊ የሕዝብ መሬት ስላላቸው ይሠራላቸዋል። የኮሎራዶ ስቲከር ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ምንም አይጠቅምሽም። እዚህ የሚጠየቀው ታይትል፣ ማለትም የባለቤትነት ወረቀት ነው። ከጁላይ 2006 ወዲህ አዲስ የተገዛ ከ50 ሲሲ በላይ የሆነ ደርት ባይክ ታይትል ሊወጣለት ይገባል። ስለዚህ አጎቱ የግዢውን ዋና ወረቀት ይላክልሽና ዲኤምቪ (የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት) ሂጂ። ታይትሉ ባለቤትነትን ያረጋግጣል እንጂ አስፋልት ላይ አያወጣም።

ታርጋ ላልሽው፣ ደርት ባይክን ወደ መንገድ ሞተር ቀይሮ ማስመዝገብን የቨርጂኒያ ሕግ ይፈቅዳል። መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ክላክስ፣ የመንገድ ጎማ ይገጠምለትና ኢንስፔክሽን (የቴክኒክ ምርመራ) ያልፋል። ግን ለ14 ዓመት ልጅ ምን ያደርጋል? መንጃ ፈቃድ የለውም። ደግሞ ያቺ 125 በመኪና መካከል እንድትሄድ የተሠራች አይደለችም። ካደገና የሞተር መንጃ ፈቃድ ካወጣ በኋላ እንደ ሲአርኤፍ 300ኤል ያለ ከፋብሪካው ለአስፋልትም ለጫካም ተብሎ የተሠራ ይገዛል። ዛሬ ለመቀየር የምታወጪውን ገንዘብ ለሄልሜትና ለቡት አድርጊው።

ዲሲን በፍጹም አታስቢው። እዚያ ደርት ባይክ አይመዘገብም፣ ጎዳና ላይም ሆነ ፓርክ ውስጥ ክልክል ነው፣ ከተያዘም ሞተሩ ይወረሳል። ባልቲሞር ደግሞ ማደያዎች ለደርት ባይክ ነዳጅ እንዳይቀዱ እስከ መከልከል ደርሳለች። የብስክሌት መንገዱ ማውንት ቨርነን ትሬይል ከሆነ የብሔራዊ ፓርክ መሬት ነው፣ ሞተር አይገባበትም። ልጆች "ማንም አያየንም" እያሉ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ያለውን ሜዳ ይጠቀማሉ። እሱም ባለቤት አለው።

የት ይነዳል? ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ሜሪላንድ፣ መካኒክስቪል ያለውን በድስ ክሪክ የሞቶክሮስ (በአፈር ሜዳ ላይ የሚደረግ የሞተር ውድድር) ሜዳ ነው። ብሔራዊ ውድድር የሚካሄድበት ቦታ ነው፣ ግን የልምምድ ቀናትም አሉት። የልምምዱን ቀን አይተሽ ሂጂ፤ ወላጅ መፈረም ስላለበት አብረሽው ግቢ። ጫካ ከፈለገ በ66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ፣ ከዚያ በ81 ወደ ደቡብ፣ ኤድንበርግ አጠገብ ታስከርስ ጋፕ የሚባል የመንጃ ቦታ አለ። ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ነው፣ የመግቢያ ይከፈላል። በቀዝቃዛው ወራት ስለሚዘጋ አስቀድመሽ አረጋግጪ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ጫካ ስለሆነ ሁሉም የተፈቀደ ይመስለዋል። በደኑ ውስጥ ያለው የጠጠር መንገድ ታርጋና መንጃ ፈቃድ ላለው ብቻ ነው። ታርጋ የሌለው የሚነዳው በተከለለው መስመር ላይ ነው። የደን አገልግሎቱ የትኛው መስመር ለምን እንደተፈቀደ የሚያሳይ ካርታ በነፃ ያወጣል። አውርጂና ስልክሽ ላይ ይኑር፣ ተራራው ላይ ኔትወርክ አይታመንም።

ሳባ ከቬጋስ

የናቲ እናት፣ የኛን ብታዪ ይገርምሻል። ኔቫዳ ውስጥ ከ70 ሲሲ በላይ ከሆነ በየዓመቱ የምዝገባ ስቲከር አለው፣ ከዚያ ኔሊስ ዱንስ ሄደን አሸዋ ላይ እንነዳለን። ወደ ካሊፎርኒያ ስንሻገር ደግሞ የድምፅ ልክ አለ፤ ከ1986 ወዲህ ለተሠራ ሞተር 96 ዴሲቤል ነው። ባለቤቴ ማርሚታ ሊቀይር ሲል "ድንበሩን አስብ" የምለው ለዚህ ነው። አጎትየውን አትቀየሚው፣ የሚያውቀው የራሱን ስቴት ነው።

የናቲ እናት

ተባረኩ! ናቲም አብሮኝ አነበበ። ታይትሉን ሰኞ እጀምራለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። እኛ ያለን ካምሪ የቤት መኪና ነው፣ ሞተሩን በምን እንውሰደው? ደግሞ "ድምፁ እንዲያምር ማርሚታው ይቀየር" ብሎ እየለመነኝ ነው።

ጋራዥ ማናሳስ

ማርሚታው አይነካ። ውስጡ የእሳት ብልጭታ የሚያስቀር ወንፊት አለ፣ ብሔራዊ ደን ውስጥ ያለሱ መንዳት አይቻልም። ደረቅ ቅጠል በአንድ ብልጭታ ይቀጣጠላል። ናቲ፣ ይህን የምታነበው አንተ ከሆንክ፣ ጎረቤት በጩኸት ተማሮ ስንት የመንጃ ቦታ እንዳዘጋ ብታውቅ ድምፁን አትመኘውም ነበር።

ለማጓጓዣ ትንሽ ተጎታች መከራየት ይሻላል። ካምሪው የመጎተቻ መንጠቆ ከሌለው ግን ፒክአፕ ያለው ሰው ፈልጊ። ሞተሩ በማሰሪያ ከፊትም ከኋላም ይጠፈር። ሞተርም ቡትም ያገለገለ መግዛት ይቻላል። ሄልሜት ግን ያገለገለ እንዳትገዢ፣ ተመትቶ እንደሆነ ከውጭ አይታይም። በድስ ክሪክ ለመሄድ ስትወስኚ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እኔና ልጄ በፒክአፕ እንወስድላችኋለን።