በእጅ የተፈተለ ማግ ሲታጠብ የልብሱን ወርድ እያጠበበብን ተቸግረናል

ሽሮ ሜዳ አካባቢ በየቤታቸው ከሚፈትሉ 14 ሴቶች ጋር የአንገት ልብስ እናዘጋጃለን። በርዝመት የሚዘረጋው ድር የፋብሪካ ክር ነው፤ በወርድ የሚገባው ማግ የእነሱ የእንዝርት ፈትል። ውጭ አገር ያገኘነው ገዢ ልብሱ ከታጠበ በኋላ ወርዱ 70 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ይፈልጋል። በ75 አሸምነን ስናጥበው ግን አንዱ 71 ይወጣል፣ ሌላው 65። ርዝመቱ ብዙም አይነካም፤ ስለዚህ ችግሩ ማጉ ላይ ነው። በጣም የከረረ ፈትል ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል።

ማጉን በቀሰም (ሸማኔው ማጉን በሚጠቀልልበት ዘንግ) ከመጠቅለላችን በፊት በሙቅ ውኃ ነክረን፣ ክብደት አንጠልጥለን አደረቅነው። መሰብሰቡ ቀነሰ፣ ልዩነቱ አልጠፋም። ከዚያ አንድ ሜትር ክር ለሁለት አጥፈን በራሱ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚጠመዘዝ ቆጠርን። ዛሬ የተፈተለው 20 ጊዜ ሲዞር የዚያችው ሴት የሰነበተ ፈትል 9 ብቻ ይዞራል፤ ተሸምነው ሲታጠቡ ግን ሁለቱም እኩል ይሰበሰባሉ። በዚህ ቆጠራ ክፍያ ብንወስን ፈታዮቹን እንበድላለን። በክብደት ብቻ መክፈልም ወፍራሙን ፈትል ነው የሚያበረታታው።

ትኩሱንም የሰነበተውንም ፈትል እኩል የሚዳኝ፣ ሴቶቹ ቤታቸው ሆነው ያለ ውድ መሣሪያ መክረሩን የሚለኩበት መንገድ ምንድን ነው?