ከማሳው ምን ያህሉን ከእህል ማውጣት ይቻላል?

ጥያቄ፦
ማሳው አንድ ሄክታር ነው፤ ሁሉም በቆሎ ይዘራበታል። ቤተሰቡ 6 ሰው ነው። ደህና ዓመት ሲሆን 30 ኩንታል፣ ዝናብ ሲያጥር 15 ይገኛል። ግማሹ ላይ ባሕር ዛፍ ቢተከል ቀለብ ያጥራል?

መልስ 1፦
መጀመሪያ ቀለቡን አስሉ። ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ያዙ፤ 70 በመቶው ከበቆሎ ይምጣ። አንድ ኪሎ በቆሎ 3,600 ገደማ ስላለው ለ6 ሰው በዓመት 9 ኩንታል ግድም ይሆናል። ዘርና የነቀዝ ድርሻ ሲጨመር 10 በሉት። ግማሽ ሄክታር በደህናው ዓመት 15 ኩንታል ይሰጣል፣ ይተርፋል። በክፉው ዓመት ግን 7.5 ነው፤ 2.5 ኩንታል ይጎድላል። ብዙው ሰው በአማካይ እያሰላ ይሳሳታል፤ ሆድ አማካይ አያውቅም። በክፉው ዓመት ልክ ከተሰላ ከእህል የሚወጣው ሲሶው ብቻ ነው።

መልስ 2፦
ሲሶውም ቢሆን ለባሕር ዛፍ አይሰጥ። ለቆረጣ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ሐሳብ ቢቀየር ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ነቅሎ ማውጣቱም ጉልበት ይበላል። ሥሩ ውሃ ይሻማል፣ ጥላም ይጥላል፤ አጠገቡ ያለው በቆሎ ስለሚቀጭጭ የመልስ 1 ስሌት ራሱ ይፈርሳል። ባቄላ ወይም አተር ይሻላል። በቆሎ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ያንን ይሞላል። በየዓመቱ ቦታ ቢለዋወጡ መሬቱም ናይትሮጅን ያገኛል። ካላዋጣ በሚቀጥለው ወቅት መመለስ ነው።

ጠያቂው፦
ዛፉ ተሸጦ እህል ቢገዛበትስ?

መልስ 1፦
ዋናው የየትኛው ወር ዋጋ ነው የሚለው ነው። የአጨዳ ሰሞን ዋጋ ያታልላል። የዛፉን ገቢ ወጪውን ቀንሳችሁ ለቆየበት ዓመት አካፍሉት፤ ያንን ደግሞ አዲሱ ምርት ሊደርስ ሲል ባለው የበቆሎ ዋጋ አካፍሉት። የሚወጣው ኩንታል ያው መሬት በዓመት ከሚሰጠው በቆሎ ካነሰ ይቅር። ዝናብ ባጠረ ጊዜ ጎረቤቱም ገዢ ስለሚሆን ዋጋው ይብስበታል።

መልስ 3፦
የደህናው ዓመት ትርፍ ለክፉው ካልተሻገረ ይህ ሁሉ ስሌት ከንቱ ነው። አየር በማያስገባ ከረጢት ሲታሰር ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ እርጥብ ከገባ ግን ይሻግታል። እርጥበቱ ከ13 በመቶ አይብለጥ። መለኪያ ከሌለ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህሉን በደረቅ ጨው ደባልቃችሁ ለጥቂት ደቂቃ ናጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ከ15 በመቶ በላይ ነውና እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ካልተጣበቀ ከ15 በታች ነው ማለት እንጂ 13 ደርሷል ማለት አይደለም።