ለግሬት ሌክስ ኢንቪቴሽናል የኮሌጅ ሆኪ ውድድር ግራንድ ራፒድስ የምትሄዱ፦ አማቴን ይዤ ሁለቱንም ቀን ልምጣ ወይስ አንዱን?

የትሮምቦኗ እናት፣ ቺካጎ

ሰላም ለቤቱ። የኮሌጅ ሆኪ የምትከታተሉ ሐበሾች እዚህ እንዳላችሁ አይቻለሁና እርዱኝ።

ልጄ በሰሜን ሚሺጋን ሆተን ከተማ ናት፤ ሚሺጋን ቴክ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛ ዓመት፣ መካኒካል ምህንድስና። ትምህርቷን ትወዳለች፣ ልቧ ግን ለሆኪ ቡድኑ በሚጫወተው ባንድ ውስጥ ነው። ትሮምቦን ትነፋለች። ያንን ጥቁርና ቢጫ መስመር ያለውን ቱታ ለብሳ ፎቶ በላከች ቁጥር ስልኬን ይዤ ቤቱን እዞራለሁ። ባንዱ ከፈረንጆች ገና በኋላ ለውድድሩ ግራንድ ራፒድስ ይወርዳል። "እማዬ፣ ሆተን ራቀሽ፤ ይሄ ግን ደጃፍሽ ነው፣ ምንም ሰበብ የለሽም" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ባለቤቴ ፈረቃው አይፈቅድለትም። የምመጣው ከአማቴ ጋር ነው፤ ክረምቱን ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ናቸው፣ ሰባዎቹን አልፈዋል። ቪዲዮ ሳሳያቸው "ይሄማ የገና ጨዋታ ነው፣ በበረዶ ላይ ሆነ እንጂ" ብለው ተቀመጡ፣ አሁን ካልሄድኩ ይላሉ። እንዳይበርዳቸው፣ ጫጫታውም እንዳይከብዳቸው እፈራለሁ። ደግሞ ጾም ናቸው። ቤት ያሉት ሰዎች "አንድ ቀን ይበቃል፣ የዋንጫውን ቀን ብቻ እዩ" ይሉኛል። እኔ ስለ ሆኪ የማውቀው ጎል ሲገባ ባንዱ እንደሚነፋ ብቻ ነው። ምን ትላላችሁ?

የድሮ ሃስኪ፣ ዲትሮይት አካባቢ

እህቴ፣ እኔ የቴክ ደጋፊ ነኝ (ሃስኪ የቡድኑ ቅጽል ስም ነው)፤ ሁለቱንም ቀን ኑ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

አራት ቡድን ነው የሚሳተፈው። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጨዋታ አለ። በማግስቱ የተሸነፉት ለሦስተኛ ደረጃ፣ ያሸነፉት ለዋንጫ ይገናኛሉ። ስለዚህ ቴክ አሸነፈም ተሸነፈም በሁለተኛው ቀን ይጫወታል፣ ልጅሽም ትነፋለች። አስቀድሞ የማይታወቀው ሰዓቱ ነው፤ ከተሸነፉ በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ካሸነፉ በምሽቱ። መመለሻውን ቀድሞ የቆረጠ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛውንም ሌሊት እዚያው ለማደር አስቡና ሆቴሉን ከአሁኑ ያዙ።

"የዋንጫውን ቀን ብቻ" የሚሉሽን አትስሚ። እኔ ከዚህ ውድድር አብልጬ የምወደው ሰው የሚንቀውን የሦስተኛ ደረጃ ጨዋታ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚገቡና ለሚወጡት በር ሲከፍት የከረመ ሁለተኛ በረኛ አለ፤ ብዙ ጊዜ ተራው የሚደርሰው ያን ቀን ነው። በአራተኛው መስመር፣ ማለትም በመጨረሻ ተራ ለጥቂት ደቂቃ፣ የሚሰለፈው የመጀመሪያ ዓመት ልጅም እንደዚያው። ወላጆቹ ከሩቅ ነድተው መጥተዋል፤ ስሙ በድምፅ ማጉያው ሲጠራ እናቱን ፈልጊና እያት። እነዚህ ልጆች የገናን ዕረፍት ቤታቸው ጥቂት ቀን ብቻ አድረው ነው ጫማቸውን መልሰው ያጠለቁት። ጓደኞቻቸው ገና እናታቸው ቤት ተኝተዋል። ልጅሽና ባንዱም እንደዚያው ናቸው፤ ዕረፍታቸውን ትተው ነው የሚመጡት።

ይህን ውድድር የማከብርበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አዘጋጁ ቴክ ነው፤ በከተማም በሀብትም ትልቁ ትምህርት ቤት አይደለም፣ ሰሜን ጫፍ ላይ በበረዶ የተቀበረ ትምህርት ቤት ነው። በ1965 ዲትሮይት ኦሊምፒያ ስታዲየም ተጀመረ፣ በ1979 ወደ ጆ ሉዊስ አሬና ተዛወረ። በ2013 ጭራሽ ከቤት ውጪ፣ በቤዝቦሉ ሜዳ በኮሜሪካ ፓርክ ተደረገ። ዋንጫው በጆን ማኪነስ ስም የተሰየመ ነው፤ ከ1956 እስከ 1982 ቴክን አሠልጥኖ ሦስት ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ያደረገው ሰውዬ ነው፤ በ1962፣ በ1965 እና በ1975። ልጅሽ ሆተን ውስጥ የምትነፋበት አዳራሽም የእሱን ስም ነው የያዘው፤ ጠይቂያት።

በ2012 ጆ ሉዊስ ነበርኩ። ቴክ ይህን ውድድር ከ1980 ወዲህ አላሸነፈም ነበር። የሚሺጋንን ዩኒቨርሲቲ 4 ለ 0 ሲረታ ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ ተመራቂ ኮፍያቸውን አውልቀው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ አይቻቸው የማላውቅ ሰው ናቸው። ባንዱ ሰው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ከመቀመጫው አልተነሳም።

ውድድሩ ከዲትሮይት ሲወጣ ከፍቶኝ ነበር። ግራንድ ራፒድስ ከገባ በኋላ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ቫን አንደል አሬና የሚይዘው ከ10,000 ጥቂት የሚበልጥ ሰው ነው፤ ጆ ሉዊስ የዚያ እጥፍ ነበር። ትሮምቦኑ እስከ ላይኛው ወንበር ይደርሳል።

ብሮንኮ፣ ካላማዙ

እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ። እኔ የዌስተርን ሚሺጋን ደጋፊ ነኝ፤ በ2025 ቦስተን ዩኒቨርሲቲን 6 ለ 2 አሸንፈን ለመጀመሪያ ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ሆነናልና ደስታዬን ይረዱልኝ።

ስለ መንገዱ ልንገርዎት። ከቺካጎ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው፣ ግን የሐይቁን ዳር ይዘው ነው የሚነዱት። ነፋሱ ከሚሺጋን ሐይቅ እርጥበቱን እያነሳ በረዶውን የሚያራግፈው በትክክል በዚያ መስመር ላይ ነው። ቺካጎ ፀሐይ ሆኖ ሆላንድ አጠገብ መንገዱ ላይታይ ይችላል። ትንበያውን የቺካጎን ብቻ ሳይሆን የምዕራብ ሚሺጋንን ይዩ።

እናታችንን ይዘው ስለሆነ ባቡሩን ያስቡበት። ፔር ማርኬት የሚባለው የአምትራክ ባቡር ከቺካጎ ዩኒየን ስቴሽን በቀጥታ ግራንድ ራፒድስ ይገባል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ ይነሳል፣ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ይደርሳል፣ መልሱ ደግሞ በማለዳ ነው። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት ባለው ምሽት መግባት፣ ካለቀ በኋላ ባለው ጠዋት መመለስ ይኖርብዎታል። የድሮ ሃስኪ ካሉት ጋር ይገጥማል። ሰዓትዎንም አንድ ሰዓት ወደፊት ያድርጉ፤ ሚሺጋን ከቺካጎ ይቀድማል፣ በዚህ ምክንያት የጨዋታውን መጀመሪያ ክፍል የሚያጡ ሰዎች አያለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ቅር እንዳይልዎት። የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በየዓመቱ ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዋሪ 5 ነው። ከሃያ ዓመት በታች ያሉ ምርጥ ልጆች ለየአገራቸው ስለሚጠሩ አንዳንድ ቡድን ኮከቡን ሳይዝ ይመጣል። የፕሮግራሙ ሽፋን ላይ ያለውን ልጅ ፈልገው ቢያጡት እዚያ ነው ያለው።

የትሮምቦኗ እናት፣ ቺካጎ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የባቡሩን ሰምቼ ደስ አለኝ፣ በበረዶ መንዳት እፈራለሁ። የድሮ ሃስኪ፣ ስለ በረኛው የጻፍከውን ለአማቴ አነበብኩላቸው፤ "ያንን ልጅ አሳዪኝ" አሉ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ኳሷ፣ ማለቴ ፓኳ፣ በቪዲዮ እንኳ አትታየኝም፤ እሳቸው ምን ሊያዩ ነው? ደግሞ ድብድብ አለ ይባላል። እሳቸው ፊት ልጆች ደም በደም ሲሆኑ እንዳያዩ ፈራሁ።

የድሮ ሃስኪ፣ ዲትሮይት አካባቢ

ድብድቡን እርሺው። ያ ፕሮፌሽናሎቹ ጋ ነው። ኮሌጅ ውስጥ የተደባደበ ተጫዋች ከጨዋታው ይባረራል፣ ቀጣዩንም ጨዋታ ይቀጣል። በሁለት ቀን ውድድር ይሄ ማለት ዛሬ እጁን ያነሳ ነገ የለም ማለት ነው፤ ማንም አይሞክረውም። ሁሉም ፊቱን ሙሉ በሙሉ በሽቦ ወይም በመስተዋት ጋርዶ ነው የሚጫወተው። መጋጨት ግን አለ፣ ሜዳውን የከበበው መስተዋት ሲጮህ ያስደነግጣል። ለእማማ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" በያቸው፣ እዚህም ሕጉ እሱ ነው።

ፓኳን አትከተሏት። የተጫዋቾቹን ትከሻ እዩ፤ ሁሉም የዞረበት ቦታ ናት። ብዙ ሰው ታች ከመስተዋቱ ሥር ካልተቀመጥኩ ይላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ግን ከፍ ብሎ መቀመጥ ይሻላል፣ ሜዳው በሙሉ ይታያል። መቀመጫ ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ባንዱ የትኛው ክፍል እንደሚሆን ልጅሽን ጠይቂና ፊት ለፊቱ ያዙ። ከጎኑ ከሆናችሁ ትሰሟታላችሁ እንጂ አታዩዋትም።

በሦስት የ20 ደቂቃ ክፍል አቻ ከሆኑ አምስት ደቂቃ ይጨመራል፤ የሚጫወቱትም ሦስት ለሦስት ሆነው ነው። በዚያም ካልተለየ አንድ አጥቂ ከአንድ በረኛ ጋር እየተፋጠጠ ይለያል። የዚያን ጊዜ እማማን እጃቸውን ያዣቸው።

የግራንድ ራፒድሷ ነርስ

እህቴ፣ የእናታችንን ነገር ለእኔ ተዪው። ሆቴል ስትይዢ በስካይዎክ ከአሬናው ጋር ከተያያዙት ውስጥ ፈልጊ። በመስተዋት የተዘጋ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያሻግር መተላለፊያ ነው፤ ከሆቴሉ እስከ አሬናው በረዶ ሳይረግጡ ይደርሳሉ። ለሽማግሌ ሰው ውድቀት ነው የሚያስፈራው፣ ቅዝቃዜው ይቀላል።

ውስጡ እንደሚፈራው አይበርድም፣ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ደግሞ ይሻላል። ብርዱ የሚገባው በእግርና በመቀመጫ ነው። ወፍራም ካልሲ፣ ጋቢያቸውን ደግሞ ለሁለት አጥፈው ከሥራቸው ያንጥፉት። ለጆሮአቸው በፋርማሲ የሚሸጠውን ለስላሳ መድፈኛ ያዥ፤ ጎል ሲገባ የሚነፋው ሆርን ከባንዱ ይብሳል። ወንበር ስትቆርጪ ከላይኛው መግቢያ አጠገብ ያለውን ረድፍ ምረጪ፣ ደረጃ አይበዛባቸውም። አሬናው ስልክ ቢደወልለት ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው ቦታ ያመቻቻል።

የጾሙ ነገር፣ አሬና ውስጥ አትመኪ። ቺዝ የሌለበት ነገር ማግኘት ያስቸግራል፤ ድንቹም ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት ሊሆን ይችላል። ከመግባታችሁ በፊት በደንብ ይብሉ። ሁለቱን ጨዋታ ከነመሐሉ ካያችሁ ስድስት ሰባት ሰዓት ነው፤ ለእሳቸው ይበዛል። የቴክን ጨዋታ ብቻ ያሳዩአቸው፣ ከዚያ በስካይዎኩ ወደ ክፍላቸው። ወጥቶ መልሶ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ በሩ ላይ አስቀድመሽ ጠይቂ።

እኔ ሁለተኛውን ቀን ሥራ የለኝም። ምሽት ላይ ከሆነ ጨዋታችሁ፣ ቀን ቤቴ የጾም ወጥ ሠርቼ እጠብቃችኋለሁ። የትሮምቦኗንም አምጫት፣ ባንዱ ውስጥ ሐበሻ ካለ እሱንም።

የትሮምቦኗ እናት፣ ቺካጎ

ለልጄ አሁን ደወልኩላት። ሁለቱንም ቀን ቆርጫለሁ፣ ባቡሩንም። አማቴ ጋቢያቸውን አጥበው አስጥተዋል።