ሲሞቅ የዘይት መብራት ብልጭ ይላል፤ ወፍራም ዘይት ልጨምርበት?

ገና ለማጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለች የቤንዚን መኪና ከገዛሁ ሦስት ወር ሆነኝ። 190 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች፣ ቆጣሪው ካልዋሸ። ጠዋት ምንም የለባትም። ግማሽ ሰዓት ነድቼ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ግን፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልነካ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲዞር) ያቺ ቀይ የዘይት መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ነዳጅ ነካ ሳደርግ ትጠፋለች። በመለኪያው ዘንግ አየሁት፣ ዘይቱ ልኩ ላይ ነው። መጽሐፉ 5 ደብሊው 30 የሚባለውን ቀጭን ዘይት ይላል። ለሸጠልኝ ሰው ደወልኩና ነገርኩት። ሳልጨርስ «ወፍራሙን፣ 20 ደብሊው 50 አድርግባት፣ ይጠፋል» አለኝ። ላድርግ?

ቶሎ ቶሎ
የዘይት ግፊት ሴንሰሩ ነው። ቀይረህ ተገላገል። የኔም እንደዛ ነበር። ካልሆነ የሞተር ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምርበትና ዘይቱን ቀይር።

ጥቁር እጅ
ወንድሜ፣ ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል። ግን በግምት አትቀይር። ያቺ መብራት በአብዛኛው መኪና የምትበራው የዘይቱ ግፊት ከግማሽ ባር በታች ሲወርድ ነው። እውነት ከሆነች ዘግይታ ነው የነገረችህ። እስክታውቅ ድረስ አትንዳት።

መካኒክህ ሴንሰሩን ይፍታና በቦታው የግፊት ጌጅ (መለኪያ) ይሰር። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሚኒሞ ላይና በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ለካ። እንደ ድሮ የጋራዥ ልማድ በየ1000 ዙሩ 0.7 ባር ገደማ ይጠበቃል፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን የመኪናህ የጥገና መጽሐፍ ላይ ያለው ነው።

ስለ ዘይቱ። የዘይት ፖምፓው ዘይት ይገፋል እንጂ ግፊት አይሠራም። ግፊቱ የሚመጣው ዘይቱ በብሮንዚናዎቹ (የሞተሩን ተሽከርካሪ አካል በሚይዙት ስስ ብረቶች) ጠባብ ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። ብሮንዚና ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ትግሉ ይቀንሳል። ወፍራም ዘይት ስትጨምር ጌጁ ከፍ ይላል፤ የሚያልፈው ዘይት ግን አልጨመረም። እንዲያውም ጠዋት፣ ገና ሳይሞቅ፣ ላይ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ድረስ ለመድረስ ይዘገያል። ሞተርህ በዘይት ግፊት ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክል ከሆነ ደግሞ እሱም ይረበሻል። መጽሐፉ ራሱ 10 ደብሊው 40 የሚፈቅድ ከሆነ ለአሮጌ ሞተር አልቃወምም። 50 ግን መሸፈኛ ነው።

አንድ ጥያቄ፦ አሁን ያለው ዘይት ምንድን ነው? ዘንጉንም አሽትተው። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ቀጥኖብህ ነው።

ማጠቢያ ፈሳሹን ተወው። የተጋገረውን ዝቃጭ አላቅቆ ፖምፓው ዘይት የሚስብበት ወንፊት ላይ ይደፍነዋል። ስንቱን ሞተር እንዲህ ሆኖ አውርጃለሁ።

ገና ለማጅ
ስገዛት «ዘይቱ አዲስ ነው» ስለተባልኩ አልቀየርኩትም ነበር። ጥያቄህን ሳነብ ሄጄ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ፈተሽኩ። ከቅያሪ ጎማው ሥር ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ግማሹ የቀረ የ20 ደብሊው 50 ጀሪካን! ለካ ያ ሰው በችኮላ የመለሰልኝ ዝም ብሎ አልነበረም።

ቤንዚን አይሸትም። ጌጁ፣ ሞቆ፦ ሚኒሞ ላይ 0.4 ባር። 3000 ላይ 1.5 ደረሰና፣ እዛው ይዤ ስቆይ ቀስ እያለ ወደ 1 ወረደ።

ጥቁር እጅ
በል ሴንሰሩ ንጹሕ ነው። ግፊቱ እንዲህ ዝቅ ያለው ደግሞ ወፍራሙ ዘይት እያለበት ነው።

ያቺ መውረዷን ያዛት። ብሮንዚና ብቻ ቢሆን ዙር በጨመርክ ቁጥር ግፊቱ አብሮ ይወጣል፣ ከወጣም ይቆያል። ዙር ይዘህ እየወረደ ከመጣ ፖምፓው የሚጠጣው አጥቷል። ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ሳህን) አውርዱና ወንፊቱን እዩ። የአንዱን ቢዬላ (የፒስተን ክንድ) ብሮንዚናም በዚያው ፍቱ። ወደ መዳብ የሚያደላ ቀለም ካየህ፣ አልቋል።

ገና ለማጅ
ወረደ። ከዚህ በፊት ኮፓውን የገጠመው ሰው ማሸጊያ ሲሊኮኑን እንደ ኬክ ክሬም ነው የቀባው። የተረፈው ወደ ውስጥ ተቆርጦ ወድቆ፣ ወንፊቱ ላይ ከጥቁር ዝቃጭ ጋር ተለጥፏል። ከግማሽ በላይ ተደፍኗል። በጣቴ ስነካው እንደ ማስቲካ ይሳባል። ብሮንዚናው ላይ ቀጫጭን ጭረት አለ፣ መዳብ ግን አልታየም።

ወንፊቱ ተቀየረ። 5 ደብሊው 30፣ አዲስ ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ)። አሁን ሞቆ ሚኒሞ ላይ 0.9፣ 3000 ላይ 2.8። ይዤ ብቆይም አይወርድም።

ቶሎ ቶሎ
እሺ፣ ተሸነፍኩ።

ጥቁር እጅ
ጥሩ ነው። ላይ የቀረ ዝቃጭ ስለሚኖር 1000 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይትና ፊልትሮ ድገም። ያኔ ጌጁን አንዴ እሰርና እዚሁ ጻፍልን። በየሳምንቱም ዘንጉን ሳብ አድርገህ እይ።

ገና ለማጅ
እሺ ጋሼ። ለሸጠልኝ ሰውዬም ጀሪካንህን ረስተሃል ልለው ደወልኩ። አያነሳም።