የቀለበቱ ስፋት ጭማሪ ሳይጠፋ የይዘቱ ጭማሪ ለምን ይጠፋል?
በብረት ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ፣ በራዲየስ አቅጣጫ ብቻ፣ የሙቀት ማስተላለፍን ቀመር ከኢነርጂ ሚዛን እያወጣሁ ነው። የውስጥ ራዲየሱ 20፣ የውጭው 40 ሚሊሜትር፤ ውስጡ 100፣ ውጩ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ። ስስ ቀለበት ወስጄ፣ ከገባው ሙቀት የወጣውን ቀንሼ ከተጠራቀመው ጋር አስተካከልኩ።

መጀመሪያ ለቀለበቱ ሁለት ፊቶች አንድ ዓይነት ስፋት ስለሰጠሁ፣ ሙቀቱ ሲረጋ 30 ሚሊሜትር ላይ 60 ዲግሪ ወጣ፤ በሎጋሪዝም የሚገኘው ትክክለኛ መልስ ግን 53.2 ገደማ ነው። የውጭውን ፊት ስፋት ራዲየሱ ላይ ውፍረቱን ደምሬ ሳሰላው ተስተካከለ፤ ከቀመሩ ጎድሎ የነበረው፣ ለራዲየስ የሚካፈለው ክፍልም መጣ።

የያዘኝ የተጠራቀመው ሙቀት ጎን ነው። የቀለበቱን ይዘት በትክክል ስጽፍ ፓይ ሲባዛ በርዝመት ሲባዛ በውፍረት ስኩዌር የሚል ጭማሪ ይወጣል፤ በተለመደው አወጣጥ ግን ይጣላል። ውፍረቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የስፋቱ ጭማሪ ሳይጠፋ የይዘቱ ብቻ የሚጠፋው ለምንድን ነው?